ቁጥር ለማንም አያዳላም



ይህን ጽሑፍ የምጀምረው ከራሴ ጥፋት ነው። ባለፈው ክረምት በሰንበት ትምህርት ቤታችን የሕፃናት ክፍል ከመዝሙር ጥናት በፊት ባለው ሰዓት ሒሳብ እንዳስጠና ተመድቤ ነበር። በክረምት ዝናብ ጊዜ የጉለሌ ልጆች ከእንጦጦ ሥር ወዴትም መሄጃ የላቸውምና አዳራሹ ጢም ብሎ ይሞላል። ከዕለታት በአንዱ እሑድ፣ በትምህርት ቤት «ፕራይም» እያልን ስለምንጠራቸው ስለ ብቸኛ ቁጥሮች አስተማርሁ። በሰሌዳው ላይም 71፣ 73፣ 79፣ 83፣ 89፣ 91፣ 97 ብዬ በተርታ ጻፍሁና፣ «እነዚህን ሁሉ ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍላቸው ቁጥር የለም» አልኋቸው።

ከኋላ ወንበር አንዲት የ11 ዓመት ልጅ እጅዋን አወጣች። «ጋሼ፣ 91 እኮ 13 ሳምንት ነው፤ 7 ጊዜ 13» አለች።

ወደ ሰሌዳው ዞሬ ተመለከትሁ። ልጅቱ ልክ ነበረች። እኔ ግን ምን አደረግሁ? «እሺ፣ እሱን በኋላ እናየዋለን፤ አሁን ወደሚቀጥለው እንለፍ» ብዬ አለፍሁ። ሌሎቹ ልጆች ጋሼን ለማረም የደፈረች እርሷ ማን ናት በሚል ዓይን ዞረው አዩአት፤ አንዳንዶቹም ሳቁባት። ልጅቱ እጅዋን ቀስ አድርጋ አወረደች። 91 እስከ ትምህርቱ ፍጻሜ ድረስ በሰሌዳው ላይ ከብቸኞቹ ጋር ተሰልፎ ቆየ። በሚቀጥለው እሑድ ልጅቱ አልመጣችም።

በዩኒቨርሲቲ የምማረው ሒሳብ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን የሚያስጨንቀኝ ጥያቄ የሒሳብ ጥያቄ አይደለም። ጥያቄው ይህ ነው፦ እውነት በተናጋሪው ማዕርግ ይመዘናልን? የሚከበር ሰው ሲሳሳትና የማይታወቅ ሰው ሲያርመው፣ አክብሮትም እውነትም እንዳይጎድል ማድረግ የሚገባን ምንድን ነው? ይህንን ለመመለስ ከቁጥር ራሱ የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም፤ ስለዚህ አንባቢዬ ጥቂት ከቁጥር ጋር እንዲታገሠኝ እለምናለሁ።

ብቸኛ ቁጥር ምንድን ነው?

በሽሮ ሜዳ አካባቢ የሚኖር ሁሉ የሸማኔን ሥራ ያውቃል። ክሩን እኩል እኩል መድቦ ጥለት ለማውጣት የሚፈልግ ሸማኔ 91 ክር ቢሰጡት፣ 7 በ7 አድርጎ 13 ቦታ ይመድበዋል፤ ወይም 13 በ13 አድርጎ 7 ቦታ። 97 ክር ቢሰጡት ግን በምንም ዓይነት እኩል አይመደብለትም፤ በ2 ቢሞክር 1 ይተርፈዋል፣ በ3 ቢሞክር 1፣ በ5 ቢሞክር 2፣ በ7 ቢሞክር 6። ብቸኛ ቁጥር ማለት እንዲህ ያለው ነው። ሌሎቹ ቁጥሮች ሁሉ ከብቸኞቹ ብዜት የተሠሩ ናቸው። 12 ማለት 2 ጊዜ 2 ጊዜ 3 ነው፤ 91 ማለት 7 ጊዜ 13 ነው። ቤት ከድንጋይ እንደሚሠራ ቁጥርም ከብቸኛ ቁጥር ይሠራል።

ልጅቱ 91ን በቶሎ ያወቀችው በሳምንትና በወር ቆጠራ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ሰባቱን የሳምንት ቀንና ዐሥራ ሦስቱን ወር ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃቸዋለን። መጽሐፈ ሄኖክም ዓመቱን 364 ቀን አድርጎ በአራት ሲከፍለው እያንዳንዱ ክፍል 91 ቀን፣ ማለት ልክ 13 ሳምንት ይሆናል። እንግዲህ እኔ ያጠፋሁት በሩቅ ባለ ነገር ሳይሆን በደጃችን ባለ ቁጥር ነው።

ብቸኛ ቁጥሮች ማለቂያ የላቸውም። ይህንን ግሪካዊው ኤውክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ አስረድቷል። አሳቡ አጭር ነው፦ የምታውቃቸውን ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ አባዛና 1 ጨምርበት። ለምሳሌ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13 ተባዝተው 1 ሲጨመርባቸው 30,031 ይሆናል። በእነዚያ በስድስቱ ሲካፈል ሁልጊዜ 1 ይተርፋል፤ ስለዚህ ወይ ራሱ ብቸኛ ነው፣ ወይም ከእነርሱ ውጭ በሆነ ሌላ ብቸኛ ቁጥር ይካፈላል። ተመርምሮም 59 ጊዜ 509 ሆኖ ተገኝቷል። ሁለቱም በዝርዝራችን ያልነበሩ አዲሶች ናቸው። እንዲህ እየተባለ ሲኬድ የመጨረሻው የሚባል አይገኝም።

በባሕረ ሐሳብ ያለው 19

ብቸኛ ቁጥር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ባሕረ ሐሳብ የቆመው በ19 እና በ7 ላይ ነው፤ ሁለቱም ብቸኛ ናቸው። የጨረቃ ዑደት በ19 ዓመት ይዞራል። ዕለታቱ 7፣ ዘመናቱም ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ ተብለው 4 ስለ ሆኑ የፀሐይ ዑደት በ28 ዓመት ይዞራል። 19 ደግሞ ብቸኛ በመሆኑና 28ን ስለማያካፍል፣ ሁለቱ ዑደቶች እንደ ገና በአንድነት የሚጀምሩት 19 ጊዜ 28፣ ማለት 532 ዓመት ሲሞላ ነው። ይህ ዐቢይ ቀመር ይባላል። በ19 ፈንታ 20 ቢሆን ኖሮ ግን 20 እና 28 ሁለቱም በ4 ስለሚካፈሉ ገና በ140 ዓመት ይገናኙ ነበር።

ስሌቱንም እንይ። የ2018 ዓ.ም. ዓመተ ዓለም 5,500 እና 2,018 ተደምሮ 7,518 ነው። ይህ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ 1 ሲቀነስለት ወንበሩ 12 ይሆናል። 12 በ11 ሲባዛ 132፣ ሠላሳ ሠላሳው ሲገደፍ አበቅቴው 12 ነው። 12 በ19 ሲባዛ 228፣ ሠላሳ ሠላሳው ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ናቸው፤ በየትኛውም ዓመት ቢሰላ ከዚህ አይወጡም። ምክንያቱም 11 እና 19 ራሳቸው ሲደመሩ 30 ስለ ሆኑ ነው።

ይህንን ስሌት ሊቃውንቱ የሚሰጡት ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለቅዱስ ድሜጥሮስ ነው፤ እርሱም አስቀድሞ የወይን አትክልት ሠራተኛ እንደ ነበረ ይተርካሉ። እኔ ግን ይህንን የጠቀስሁት ስለ ሌላ ነገር ነው። ባሕረ ሐሳብ ያስተማሩኝ የኔታ ውጤቱን አስቀድመው ነግረውኝ አያውቁም። «እኔ ያልሁትን አትድገም ልጄ፤ አንተም አስላው፣ እኔም ላስላው፣ ከዚያ እናስተያየው» ይሉኝ ነበር። አበቅቴውን ካገኘሁ በኋላ መጥቅዑን ለብቻው አሰልቼ ድምሩ 30 ካልመጣ፣ የተሳሳትሁ እኔ ልሁን እርሳቸው ሳይጠይቁ «ተመለስ» ይሉኛል። በዚያን ጊዜ ሰውየው ዐዋቂ ስለ ሆኑ በራሳቸው የሚጫወቱ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ለካ ከስሌቱ ይልቅ ያስተማሩኝ ይህንን ኖሯል።

መነኩሴው የጻፈው ዝርዝር

አሁን ወደ ውጭ አገር እንሻገር። 2ን እየደጋገሙ ማባዛትና ከውጤቱ 1 መቀነስ አንዳንድ ጊዜ ብቸኛ ቁጥር ይሰጣል። 2 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ 3፤ 3 ሁለቶች 7፤ 5 ሁለቶች 31፤ 7 ሁለቶች 127 ይሰጣሉ። ሁሉም ብቸኞች ናቸው። የሁለቶቹ ብዛት ራሱ ብቸኛ ቁጥር ካልሆነ ውጤቱም ብቸኛ አይሆንም። ነገር ግን ብዛቱ ብቸኛ መሆኑ ብቻውን አይበቃም፤ 11 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ 2,047 ይሆናልና ይህ 23 ጊዜ 89 ነው።

ታዲያ የትኞቹ ብዛቶች ብቸኛ ቁጥር ይሰጣሉ? በፓሪስ የነበረ ማረን መርሴን የተባለ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1644 ባሳተመው መጽሐፍ መልሱን በዝርዝር ሰጠ። እስከ 257 ድረስ ብቸኛ ቁጥር የሚሰጡት 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 17፣ 19፣ 31፣ 67፣ 127 እና 257 ብቻ ናቸው አለ። መርሴን ከደካርትና ከፌርማ ጋር የሚጻጻፍ፣ የአውሮፓ ሊቃውንት ሁሉ የሚያከብሩት ሰው ነበር። እነዚህ ቁጥሮች እስከ ዛሬ የሚጠሩትም በስሙ ነው። ይኸው ሰው ባለ 15 ወይም ባለ 20 አኃዝ ቁጥር ብቸኛ መሆን አለመሆኑን ለመመርመር የዓለም ዘመን ሁሉ አይበቃም ብሎ ራሱ ጽፎ ነበር። ከዝርዝሩ ውስጥ ግን 67 ብቻውን ባለ 21 አኃዝ ቁጥር ይሰጣል! ታዲያ ዘመን የማይበቃውን ነገር እንዴት ዐወቀው?

አላወቀውም። ዝርዝሩ ተፈትሾ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1947፣ ከ303 ዓመት በኋላ ሲሆን አምስት ስሕተት ተገኘበት። 67 እና 257 ሊገቡ የማይገባቸው ገብተዋል፤ 61፣ 89 እና 107 ደግሞ ሊገቡ ሲገባቸው ቀርተዋል።

የመንደሩ ቄስ

ከእነዚህ ስሕተቶች አንዱን የገለጠው ሰው ታሪክ በተለይ ለእኛ ለሰንበት ተማሪዎች ሊነገር የሚገባው ነው። ኢቫን ፐርቩሺን ይባላል፤ በሩሲያ በኡራል ተራሮች አካባቢ በሚገኝ የገጠር ሰበካ ያገለግል የነበረ ኦርቶዶክሳዊ ቄስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1827 ተወልዶ በ1900 ዐረፈ። የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አልነበረም፤ የሒሳብ መሣሪያ አልነበረውም፤ እርሳስና ወረቀት ነበረው። ይህ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1883፣ በእኛ አቆጣጠር በ1876 ዓ.ም.፣ ማለት አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ 3 ዓመት በፊት፣ 61 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ የሚገኘው ቁጥር ብቸኛ መሆኑን አስረዳ። ቁጥሩ ይህ ነው፦

2,305,843,009,213,693,951

አኃዙን ብትቆጥሩት 19 ነው። መርሴን ዘመን አይበቃውም ያለው ከ15 እስከ 20 አኃዝ ያለው ቁጥር መሆኑን አስታውሱ። በዚያን ጊዜ ከዚህ የሚበልጥ አንድ ብቸኛ ቁጥር ብቻ ይታወቅ ነበር፤ እርሱም ፈረንሳዊው ኤዱዋር ሉካስ እ.ኤ.አ. በ1876 ያስረዳው የ127 ሁለቶች ቁጥር ነው።

የቄሱን ድካም እንለካው። አንድ ቁጥር ብቸኛ መሆኑን በማካፈል ለመፈተን እስከ ካሬ ሥሩ ድረስ መሞከር ይበቃል። ለ97 እስከ 9 መሞከር ይበቃዋል። ለዚህ ቁጥር ግን እስከ 1,518,500,249 መሞከር ሊያስፈልግ ነው። ጎዶሎ ቁጥሮችን ብቻ ወስደን፣ ለአንዱ ሙከራ አንድ ደቂቃ ብቻ ብንሰጥ፣ ቀንና ሌሊት ሳናርፍ ከ1,400 ዓመት በላይ ይወስዳል። በዚህ በኩል መርሴን ልክ ነበር። ነገር ግን የሒሳብ ሰዎች አቋራጭ መንገድ አገኙ። ሉካስ የጀመረውና ሌመር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1930 ያቃናው ፈተና እንዲህ ነው፦ ከ4 ጀምር፤ ቁጥሩን በራሱ አባዛና 2 ቀንስ፤ ለምትፈትነው ቁጥር አካፍለህ ቀሪውን ያዝ፤ ይህንኑ ድገም። የድግግሙ ብዛት ከሁለቶቹ ብዛት በ2 ያንሳል። በመጨረሻ ቀሪው ባዶ ከሆነ ቁጥሩ ብቸኛ ነው፤ ባዶ ካልሆነ አይደለም።

በ31 እንሞክረው። 31 የ5 ሁለቶች ስለ ሆነ 3 ጊዜ እንደግማለን። 4 ጊዜ 4 ሲቀነስ 2፣ 14 ነው። 14 ጊዜ 14 ሲቀነስ 2፣ 194 ነው፤ ለ31 ሲካፈል 8 ይተርፋል። 8 ጊዜ 8 ሲቀነስ 2፣ 62 ነው፤ ለ31 ሲካፈል የሚተርፍ የለም። ስለዚህ 31 ብቸኛ ነው። በ2,047 ቢሞከር ግን 9 ጊዜ ተደግሞ መጨረሻው 1,736 ይመጣል፤ ስለዚህ ብቸኛ አይደለም። ለቄሱ ቁጥር የሚያስፈልገው 59 ድግግም ነው። 1,400 ዓመት ወደ 59 ብዜትና ማካፈል ወረደ ማለት ነው። የእነዚህ ድግግሞች ቁጥር እስከ 19 አኃዝ የሚደርስ ስለ ሆነ በእጅ ለሚሠራው ሰው አሁንም ከባድ ነው፤ የማይቻል ግን አይደለም።

ሌላው የመርሴን ስሕተት ታሪክም ደስ ያሰኛል። የ67 ሁለቶች ቁጥር ብቸኛ አለመሆኑን ሉካስ ቀድሞ ዐውቋል፤ ምን ጊዜ ምን እንደ ሆነ ግን አልታወቀም ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1903 በኒው ዮርክ በተደረገ የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ስብሰባ ላይ ፍራንክ ኔልሰን ኮል የተባለ መምህር 193,707,721 ጊዜ 761,838,257,287 መሆኑን አሳየ። አንድ ቃል ሳይናገር በአንዱ ሰሌዳ ላይ የ67 ሁለቶችን ቁጥር አስልቶ፣ በሌላው ሁለቱን ቁጥሮች አባዝቶ፣ ውጤቱ አንድ መሆኑ ሲታይ ወደ ቦታው ተመልሶ ተቀመጠ፤ ጉባኤውም ተነሥቶ አጨበጨበለት ይባላል። ስንት ጊዜ እንደ ፈጀበት ሲጠይቁትም የሦስት ዓመት እሑዶች ብሎ መለሰ ይላሉ።

ከዚህ ምን እንማራለን?

ወንድሞችና እኅቶች፤ ይህን ሁሉ ያመጣሁት ሦስት ነገር ስላሳየኝ ነው።

አንደኛ፤ 2,305,843,009,213,693,951 ብቸኛ የሆነው ቄሱ ስላስረዳ አይደለም። ከእርሱ በፊትም ብቸኛ ነበር፤ መርሴን ከዝርዝሩ ሲተወውም ብቸኛ ነበር። የተከበረው መነኩሴ ቢተወው አልጎደለም፤ ያልታወቀው የገጠር ቄስ ቢያገኘውም አልጨመረም። በእኔ ሰሌዳ ላይ የነበረው 91ም እንዲሁ ነው። እኔ ብቸኛ ብለው ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ብቸኛ አልሆነም፤ 7 ጊዜ 13 እንደ ሆነ ቆየ። ቁጥር ለማንም አያዳላም። ለመምህር አያዳላም፤ ለልጅም አያዳላም።

ሁለተኛ፤ የመርሴን ጥፋት መሳሳቱ አይደለም ብዬ አስባለሁ። የማይሳሳት ማን አለ? ጥፋቱ የመረመረውና የገመተው የት ላይ እንደሚለያዩ ሳያመለክት ሁሉንም በአንድ ዝርዝር፣ በአንድ ድምፅ መናገሩ ነው። «እስከዚህ ድረስ አይቻለሁ፤ ከዚህ ወዲያ ግምቴ ነው» ቢል ኖሮ ስሙ ምንም አይጎድልበትም ነበር። እኔም ብዙ ጊዜ የማጠፋው በዚህ ነው። የሰማሁትን እንዳየሁት፣ ያሰብሁትን እንዳረጋገጥሁት አድርጌ እናገራለሁ።

ሦስተኛ፤ አባቶቻችን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ንጋት ማንም ሳይነሣ በራሱ ይመጣል። የመርሴን ስሕተት ግን በራሱ አልጠራም፤ 303 ዓመት ቢያድርም ሰው ቁጭ ብሎ ካላሰላ እንዳለ ይቆይ ነበር። የሚያድረው ጊዜው ብቻ ሳይሆን ሰውም አብሮ ማደር አለበት።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሣል፤ ጓደኞቼም አንሥተውብኛል።

የመጀመሪያው፤ «ሁሉን ነገር ራሳችን መርምረን እንችላለንን?» የሚል ነው። አንችልም። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በዓለም ዙሪያ ያሉ ፈቃደኞች በኮምፒዩተሮቻቸው እንዲህ ያሉ ቁጥሮችን ሲፈልጉ ኖረው እ.ኤ.አ. በ2024 አንድ ትልቅ ብቸኛ ቁጥር ተገልጿል፤ የ136,279,841 ሁለቶች ብዜት ሲቀነስ 1 ነው። አኃዙ 41,024,320 ነው። በዚህ መጽሔት በአንድ ገጽ 2,000 አኃዝ ብናሳትም 20,513 ገጽ ያስፈልገናል፤ ባለ 20 ገጽ መጽሔት በየወሩ ብናወጣ ከ85 ዓመት በኋላ እንጨርሳለን። ይህንን በእጁ የሚፈትን ሰው የለም፤ ሳናየው የምናምነው ነው። ነገር ግን ያገኙት ሰዎች ምን አደረጉ? በአንድ መሣሪያ ውጤት ብቻ አልረኩም፤ በልዩ ልዩ ኮምፒዩተሮችና በልዩ ልዩ ፕሮግራሞች ደግመው ደጋግመው ፈተኑት፤ የፈተናውንም መንገድ ለሁሉ ግልጽ አደረጉ። እንግዲህ እምነት የሚጣልበት ሰው ማለት የማይሳሳት ሰው ሳይሆን ለመመርመር በሩን ክፍት የሚተው ሰው ነው። የኔታ «አንተም አስላው፣ እኔም ላስላው» ያሉት ይኸው ነው። በእርግጥ በሕይወት ውስጥ በማካፈል የማይፈተን ብዙ ነገር አለ፤ የእናት ፍቅር በቀሪ አይለካም፤ ምሥጢረ ሃይማኖትም እንደ 91 በሰሌዳ ላይ አይፈታም። ሊመረመር የሚችለውን አለመመርመር ግን ትሕትና ሳይሆን ስንፍና ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ፤ «ታናሽ ታላቁን ሲያርም አክብሮት ይጠፋል» የሚል ነው። ይህንን በቀላሉ አላልፈውም። እኔ ራሴ ታላቆቼን በማክበር ያደግሁ ነኝ፤ ሁሉም ሁሉን በአደባባይ የሚያርምበት ቤት ሰላም እንደማይኖረው ዐውቃለሁ። ነገር ግን ልጅቱ ምን አጠፋች? እጅዋን አወጣች፤ ጋሼ አለችኝ፤ ያየችውን ተናገረች። አክብሮት ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል? በዚያ ሰዓት አክብሮት ያጎደልሁት እኔ ነበርሁ። እርሷ ለእኔም ለእውነቱም የሚገባውን ሰጠች፤ እኔ ለእርሷም ለእውነቱም የሚገባውን ነፈግሁ።

ስለዚህ በእኔ ላይ ያሉት ጥፋቶች ሁለት እንደ ሆኑ አየሁ። የመጀመሪያው ሳልፈትን መጻፌ ነው፤ ይህ የሒሳብ ስሕተት ነው፤ በእርሳስ ይሠረዛል። ሁለተኛው ስሕተቱን እያወቅሁ ማለፌ ነው። በመጀመሪያው ማንም አልተጎዳም። በሁለተኛውም ቢሆን ቁጥሩ አልተጎዳም፤ እውነት ጠበቃ ሳያስፈልገው ባለበት ይቆማልና። የተጎዳችው ልጅቱ ናት። ከዐይንሽና ከልቡናሽ ይልቅ የመምህሩ ወንበር ይበልጣል ብዬ አስተማርኋት። የሳቁትም ልጆች ተጎዱ፤ እውነት በተናገረ ሰው ላይ መሳቅን ከእኔ ተማሩ። እውነት ስንደብቅ የምንበድለው እውነትን ይመስለናል፤ የምንበድለው ግን ሰውን ነው።

እንዴት ተፈጸመ?

ልጅቱ በሚቀጥለው እሑድ እንዳልመጣች ተናግሬአለሁ። በእኔ ምክንያት ይሆናል ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ስጨነቅ ሰነበትሁ። ከዚያ ወንድሟን አገኘሁትና ስለ እርሷ ጠየቅሁት። «ጉንፋን ይዟት ነው» አለኝ። እውነቱን ልናገርና እፎይ አልሁ። ወዲያው ግን አፈርሁ፤ በእርሷ መታመም የእኔ ጥፋት የተሰረየ መስሎኝ ነበርና።

በሦስተኛው እሑድ መጣች። ቃሌን አስቀድሜ አዘጋጅቼ ነበር፤ በልጆቹ ፊት ስቆም ግን ጠፋኝ። ስለዚህ ጠመኔውን አንሥቼ በሰሌዳው ላይ 91 = 7 × 13 ብዬ ጻፍሁ። «ባለፈው 91 ብቸኛ ነው ያልኋችሁ ተሳስቼ ነው። እኅታችሁ ልክ ነበረች፤ ልክ መሆኗንም በዚያው ሰዓት ዐውቄ ነበር። ዐውቄ ዝም ማለቴ ጥፋት ነው፤ እርሷንም እናንተንም ይቅርታ እጠይቃለሁ» አልሁ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ልጆች ታላቅ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ማየት አልለመዱም መሰለኝ፤ አንዳንዶቹ ወለሉን ያያሉ።

ልጅቱ ግን ብዙም አልተደነቀችም። ወደ ሰሌዳው ትክ ብላ አይታ እጅዋን አወጣች። «ጋሼ፣ 97ስ?» አለችኝ።

መልሱን ዐውቀዋለሁ። ሆኖም አልነገርኋትም። «አንቺም አስዪው፣ እኛም እናስላው» አልኋትና ልጆቹን በአራት ቡድን ከፈልኋቸው፤ አንዱ ቡድን በ2፣ አንዱ በ3፣ አንዱ በ5፣ አንዱ በ7 እንዲሞክር። ባለፈው ከሳቁት ልጆች አንዱ የ7ን ቡድን ይዞ «13 ጊዜ 7 ደግሞ 91 ነው፤ 6 ይተርፋል» ብሎ ጮኸ። የአራቱም ቡድኖች መልስ ተሰብስቦ ሲያበቃ 97 ብቸኛ ሆኖ ተገኘ። በዚያ ቀን የመዝሙር ጥናቱ በሩብ ሰዓት ዘገየ፤ ለዚህም የመዝሙር ክፍሉን ኀላፊ ይቅርታ ጠይቄአለሁ።

አንባቢዬ በቤቱ ሊሞክረው ለሚወድ አንድ ቁጥር ትቼ እሰናበታለሁ፤ 221 ብቸኛ ነውን? እስከ 14 ድረስ ብቻ መሞከር ይበቃል። መልሱን በሚቀጥለው እትም እጽፋለሁ፤ ከተሳሳትሁም አርሙኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።